የነዋሪዎች ተሳትፎና የፈጠራ ኢኮኖሚ በቁስቋምና ሽሮ ሜዳ

የነዋሪዎች ተሳትፎ እና የፈጠራ ኢኮኖሚ በከተማ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አብረው የሚነሡ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። የነዋሪዎች ተሳትፎ ሲባል የከተማ ሰዎች ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ስለ ቤትና ስለ ሕዝብ ገንዘብ በሚተላለፉ ውሳኔዎች ውስጥ የሚኖራቸው ድርሻ ነው። የፈጠራ ኢኮኖሚ ደግሞ ዋጋው በዋናነት ከሰው ዕውቀት፣ ጥበብና የእጅ ሙያ የሚመነጭ የሥራ ዘርፍ ሲሆን እደ ጥበብን፣ የልብስ ዲዛይንን፣ ሙዚቃን፣ ፊልምን፣ የመጻሕፍት ኅትመትንና ሶፍትዌርን ያጠቃልላል።

በአዲስ አበባ ሁለቱ ጉዳዮች ጎልተው ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው የቁስቋምና የሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። አካባቢው በሽመና የታወቀ ነው። ሸማኔው የሚሠራው በአብዛኛው በሚኖርበት ቤት ስለሆነ ስለ ቤቱ የሚሰጥ ውሳኔ ስለ ሥራውም የሚሰጥ ውሳኔ ይሆናል።

የጽንሰ ሐሳቦቹ አመጣጥ

ስለ ነዋሪዎች ተሳትፎ ከተጻፉት ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊቷ ሸሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመችው «የተሳትፎ መሰላል» ነው። መሰላሉ ስምንት ደረጃዎች አሉት። ከታች ያሉት ሁለቱ ሕዝቡን ማታለልና ማባበል ስለሆኑ እንደ ተሳትፎ አይቆጠሩም። መካከለኞቹ ማሳወቅ፣ ማማከርና ለስም ያህል ቦታ መስጠት ናቸው። ከላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ አጋርነት፣ የተወከለ ሥልጣንና በነዋሪው እጅ ያለ ውሳኔ ናቸው። ሰዎች ስብሰባ ተጠርተው ከተነገራቸው በኋላ ውሳኔው የማይለወጥ ከሆነ ተሳትፎው በማሳወቅ ደረጃ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

በአውሮፓ ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1968 «የከተማ መብት» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። እንደ እርሱ አመለካከት ከተማን በየዕለቱ ኑሮና ሥራ የሚሠራት ነዋሪው ስለሆነ፣ የከተማዋን መልክ የመወሰን መብትም ከመሬት ባለቤትነት ጋር ብቻ ሊታሰር አይገባም።

የፈጠራ ኢኮኖሚ የሚለው አነጋገር የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 የፈጠራ ኢንዱስትሪዎችን በ13 ዘርፎች ከፍሎ የመዘገበ ጥናት አወጣ። እደ ጥበብና የልብስ ዲዛይን ከዘርፎቹ መካከል ነበሩ። ቻርልስ ላንድሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ «ፈጣሪ ከተማ»፣ ጆን ሃውኪንስ ደግሞ በ2001 ስለ «ፈጠራ ኢኮኖሚ» መጻሕፍት አሳተሙ። ዩኔስኮ የፈጠራ ከተሞችን መረብ በ2004 መሠረተ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም 2021ን ለዘላቂ ልማት የሚውል የፈጠራ ኢኮኖሚ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሞታል።

የአውሮፓ ተሞክሮ

በአውሮፓ ከተሞች የተሳትፎ ሥራ በተለያየ መልክ ተሞክሯል። በብራዚልዋ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው አሳታፊ በጀት ወደ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተዛምቷል። በዚህ አሠራር ነዋሪዎች ከከተማው በጀት የተወሰነውን ክፍል ለየትኛው ሥራ እንደሚውል በድምፅ ይወስናሉ። ፓሪስ አሠራሩን በ2014 ጀመረች። ባርሴሎና ደግሞ በ2016 «ዴሲዲም» የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋለች። ስሙ በካታላን ቋንቋ «እንወስናለን» ማለት ነው። ነዋሪው በሶፍትዌሩ ሐሳብ ማቅረብ፣ የሌላውን ሐሳብ መደገፍና የቀረበው ሐሳብ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ መከታተል ይችላል።

የፈጠራ ኢኮኖሚና የነዋሪው ድምፅ የተጋጩበት ታዋቂ ምሳሌ በጀርመን ሃምቡርግ የሚገኘው ጌንገፊርተል ነው። ይህ የቀድሞ የሠራተኞች ሰፈር ሲሆን ከተማው አሮጌ ሕንፃዎቹን ለባለሀብት ሸጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 አርቲስቶችና ደጋፊዎቻቸው ሕንፃዎቹን ያዙ። በዚያው ዓመት የከተማዋን ስም ለገበያ ማስተዋወቂያ የሚጠቀም ፖሊሲን የተቃወመ የአርቲስቶች መግለጫ ወጣ። መግለጫው ከተማው በአርቲስቶች ስም እየተኩራራ አርቲስቶቹን በኪራይ ውድነት እያስወጣ ነው የሚል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከተማው ሕንፃዎቹን መልሶ ገዛ።

ተመራማሪዎች ከዚህና ከመሰል ጉዳዮች የሚያወጡት ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የፈጠራ ሥራ ለአንድ ሰፈር ስም ያመጣል። ስሙ የመሬቱን ዋጋ ያንራል። ዋጋው ሲንር ስሙን ያመጡት ሰዎች በቅድሚያ ይለቃሉ። ይህን የሰፈር መለወጥ ሂደት የለንደኗ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ሩት ግላስ እ.ኤ.አ. በ1964 ስም አውጥታለት ነበር።

ቁስቋምና ሽሮ ሜዳ

ቁስቋም የሚለው ስም በግብፅ ካለው የቁስቋም ተራራ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅድስት ማርያም ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ በዚያ ቆይታለች። በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ቁስቋምም በዚሁ ስም ይጠራል። በአዲስ አበባ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

በዚሁ የእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ ትልቅ ገበያ ነው። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ ቡሉኮና የሐበሻ ቀሚስ በየሱቁ ተሰቅለው ይታያሉ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ፣ እንዲሁም በሠርግ ወራት ገበያው ይደምቃል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከቋሚ ገዢዎቹ መካከል ናቸው።

ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ መነሻቸው የጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ አጠገብ የሚገኘው ዶርዜ ነው። ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመሩት ደቡቡ በአፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ከተካተተ በኋላ፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። በከተማው «ዶርዜ» የሚለው ስም ከተለያየ የጋሞ አካባቢ የመጡትን ሸማኔዎች ሁሉ ለመጥራት ይውል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም በንቀት ይነገር ነበር። በኢትዮጵያ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ለረጅም ጊዜ የተናቁ ባለሙያዎች ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። በዚሁ ጉለሌ የሚገኙት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው።

የሽመና ሥራና የሚፈልገው ቦታ

ሸማ ወደ ገበያ የሚደርሰው በብዙ እጅ አልፎ ነው። ጥጥ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ በደገን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ክር ያደርጉታል። ዛሬ ለድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ይገባል። ሸማኔው ድሩን ካዘጋጀ በኋላ በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ድሩን በእግሩ እያነሣና እያወረደ መወርወሪያውን በእጁ ያሳልፋል። በልብሱ ዳር የሚወጣው ጥለት ወይም ጥበብ በቀለም ክር፣ በሐርና በሳባ ይሠራል። ጥለቱ የሸማኔው ፈጠራ ጎልቶ የሚታይበት ክፍል ሲሆን በዋጋው ላይም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ ልብስ ሰፊውና ነጋዴው ይቀጥላሉ።

ይህ የሥራ ሰንሰለት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቦታ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሊቆፈርበት የሚችል፣ ወለሉ መሬት የሆነ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ረጅሙን ድር ለመዘርጋት የሚበቃ ግልጽ ቦታ ነው። ለዚህ የግቢ ደጅ ወይም የሰፈር መተላለፊያ ያገለግላል።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። ሸማኔው ክር ከሚሸጠው፣ ከፈታይዋ፣ ከልብስ ሰፊውና ከገበያው በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ መሆን አለበት። ብዙ ሸማኔ አንድ ልብስ ሸጦ የሚቀጥለውን ክር የሚገዛ ስለሆነ የትራንስፖርት ወጪና የባከነ ቀን ትርፉን ይበሉበታል።

ሦስቱም በከተማ ፕላን ካርታ ላይ አይታዩም። በካርታው ላይ ቤቱ «መኖሪያ» ተብሎ በአንድ ቀለም ይቀባል። መተላለፊያውም መተላለፊያ ብቻ ነው።

ሴቶችና የእንጦጦ እንጨት

ከቁስቋም በላይ ያለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለብዙ ድሃ ሴቶች የኑሮ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ሴቶቹ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ለማገዶ ይሸጡ ነበር። ሸክሙ ከባድ፣ ገቢው ጥቂት፣ ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር ያለው ግጭትም አደገኛ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት በዚህ ጉዳይ ላይ ባካሄደው ፕሮጀክት ምክንያት በእንጦጦ መንገድ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ አባላቱን በሽመና አሠልጥኖ ያንገት ልብስና ሌላ ምርት ለጎብኚዎች መሸጥ ጀመረ። ሽመና በልማድ የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ ስለነበር የማኅበሩ ሴቶች ሸማኔ መሆናቸው የሥራ ክፍፍሉንም ለውጧል።

የሀገር ሽመና ወደ ውጭ ገበያም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር የሐርና የጥጥ ሽመናን ለውጭ ገበያ ያቀርባል። የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነችው ሞዴል ሊያ ከበደ ደግሞ በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት የመሠረተችው የሸማኔዎችን ሙያ ለማቆየት በማሰብ ነው። በሌላ በኩል ጥለቱ በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ የእጅ ሥራውን በዋጋ ይወዳደረዋል።

ተሳትፎ በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ የነዋሪዎች ተሳትፎ ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንደኛው ከመንግሥት የሚወርድ፣ ሁለተኛው ከሰፈር የሚነሣ ነው።

ከመንግሥት የሚወርደው መንገድ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር ይያያዛል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከመውረሱ ባሻገር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ቀበሌው በሐሳብ ደረጃ የነዋሪው መሰብሰቢያ ቢሆንም በደርግ ዘመን የመንግሥት መቆጣጠሪያ ሆነ። በአርንስታይን መሰላል ስሙ ከላይ፣ አሠራሩ ከታች የነበረ ተቋም ሊባል ይችላል። ከዚያ ዘመን የቀረው «የቀበሌ ቤት» ዛሬም የብዙ ድሃ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። ኪራዩ አነስተኛ ነው፤ ነዋሪው ግን ባለቤት አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በፕላን ዝግጅት ጊዜ ሕዝብ እንዲሰማ ይጠይቃል። ሕዝብ ሳይመክርበት የተዘጋጀ ፕላን ምን ሊያስከትል እንደሚችል የታየው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ላይ ነው። ፕላኑ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. በርትቶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ፕላኑ በዚያው ዓመት ጥር ወር ተሰረዘ።

ከሰፈር የሚነሣው መንገድ እድርና እቁብ ነው። እድር ወርኃዊ መዋጮ እየሰበሰበ በሐዘን ጊዜ አባሉን ይረዳል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ አለው። መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሒሳብ ለአባላት ይነገራል። እቁብ ደግሞ በየተራ የሚደርስ ቁጠባ ሲሆን ለሸማኔው የክር መግዣ፣ ለነጋዴው የዕቃ ማምጫ ይሆናል። በአውሮፓ አሳታፊ በጀት ከሚባለው ጋር ሲነጻጸር እድር የመንግሥትን ገንዘብ አያዝም፤ ስለ ራሱ ገንዘብ ግን አባሉ በሙሉ ሥልጣን ይወስናል። ስለዚህ በመሰላሉ የላይኛው ደረጃ ላይ የሚቀመጥ ነው።

በአዲስ አበባ ላይ የተሠሩ ጥናቶች

በአውሮፓና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የምርምር ግንኙነት ረጅም ነው። የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1954 ተመሠረተ። ዘግይቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር በመሥራት ስለ አዲስ አበባ ለውጥ መጽሐፍ ወጥቷል። ኢትዮጵያዊው የሥነ ሕንፃ ምሁር ኤልያስ ይትባረክ በኖርዌይ ትሮንሄም በሠራው የዶክትሬት ጥናት በመሐል አዲስ አበባ ተከራዮች የሚበዙባቸውን ሰፈሮች ማሻሻል መርምሯል። ጀምበር ተፈራ ደግሞ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች ነዋሪው ራሱ ችግሩን ለይቶ፣ ቅደም ተከተሉን ወስኖ የሚሠራበትን የሰፈር ማሻሻያ ሥራ መርታለች። ሥራው ቤትና መንገድን ብቻ ሳይሆን ጤናንና የማኅበረሰብ ልማትን ያጣመረ ነበር።

መኖሪያና መሥሪያ ሲለያዩ

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) ፕሮግራም የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) ያስተዋወቀው ዝቅተኛ ወጪ ያለው የግንባታ ዘዴ ለፕሮግራሙ መሠረት ሆኗል። ፕሮግራሙ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ውኃ፣ መጸዳጃና የባለቤትነት ማረጋገጫ ያለው ቤት ሰጥቷል። አሮጌ ሰፈሮች የሚጨናነቁ፣ ዝናብ የሚያስገቡና መጸዳጃ የሚጋሩ መሆናቸውም እውነት ነው። የተሻለ ቤት የሚፈልገው ነዋሪው ራሱ ነው።

ለሸማኔ ግን ጥያቄው የክፍሉ ስፋት ብቻ አይደለም። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ከፍ ብሎ የሚቆም የሽመና ዕቃ ጉድጓዱን ሊተካ ቢችልም ቦታ ይይዛል፤ ድምፁም ለጎረቤት ይደርሳል። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ብዙ ጊዜ የተሠሩት በከተማው ዳርቻ ስለሆነ ከሽሮ ሜዳ ገበያ መራቅም አለ። ጎረቤት ሲበተን እድሩና እቁቡም ይበተናሉ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን የተሻለ ቤት ሊያገኝና መተዳደሪያውን ሊያጣ ይችላል።

ሕጉ ይህን በከፊል ይገነዘባል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት የሚከፈልን ካሣ አካትቷል። ይሁን እንጂ ካሣ የሚመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። ተሳትፎ የሚጠቅመው ከውሳኔው በፊት፣ ሸማኔው ጉድጓዱን፣ የድር መዘርጊያውንና ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ በፕላኑ ላይ ማስመዝገብ በሚችልበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንጦጦ ፓርክ መከፈቱም የጎብኚውን እንቅስቃሴ ወደዚህ አቅጣጫ ስላመጣ ጥያቄውን ይበልጥ ወቅታዊ ያደርገዋል። ጎብኚ ለሸማ ሻጭ ገበያ ነው፤ የመሬት ዋጋ መናር ደግሞ ለተከራይ ሸማኔ ሥጋት ነው።

የዲጂታል ተሳትፎ ገደብ

እንደ ዴሲዲም ያሉ ሶፍትዌሮች ምንጫቸው ክፍት ስለሆነ በማንኛውም ከተማ ሊጫኑና ወደ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ጋሞኛ ሊመለሱ ይችላሉ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የሚያየው የተመዘገበ ሰው ነው። የሸማኔው ተለማማጅ፣ በቤቷ የምትፈትል አሮጊት፣ በደባልነት የሚኖር ተከራይ ብዙ ጊዜ በመዝገብ ላይ የሉም። ከጋሞ አካባቢ ወደ ሽመና ቤት የሚመጡ ልጆች የጉልበት ብዝበዛ በተለያዩ ጥናቶች የተመዘገበ ሲሆን፣ እነዚህ ልጆች ድምፃቸው የሚሰማበት መድረክ ጨርሶ የላቸውም። በባርሴሎናም ቢሆን መሣሪያው ከሰፈር ስብሰባ ጋር ተጣምሮ እንጂ ብቻውን አልሠራም።

ትችቶች

በጉዳዩ ላይ የሚነሡ ትችቶች ከሁለት ወገን ናቸው። አንዳንዶች ተሳትፎ ሥራን ያዘገያል፣ በፍጥነት የሚያድግ ከተማም ሁሉን ሰው ጠይቆ መንገድና ቤት መሥራት አይችልም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እድርን የመሰሉ ማኅበራት ራሳቸው ሁሉን እኩል አያሳትፉም ብለው ያስገነዝባሉ፤ መዋጮ መክፈል የማይችል ድሃ፣ አዲስ መጪና ወጣት ከውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።

የፈጠራ ኢኮኖሚን በተመለከተ የሚነሣው ትችት የገቢ ክፍፍሉ ነው። የሐበሻ ቀሚስ በሱቅ ወይም በውጭ ሀገር በውድ ቢሸጥም ፈታይዋና ሸማኔው የሚያገኙት ድርሻ አነስተኛ ነው። አንድ ጥለት ገበያ ላይ ሲወደድ በፍጥነት ይቀዳል፤ መጀመሪያ ያወጣው ሰው ስሙም አይታወቅም። ስለዚህ የሽሮ ሜዳ ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ሸማኔው በሰፈሩ ፕላን ላይ ያለው ድምፅ፣ ሌላው በሠራው ልብስ ዋጋ ላይ ያለው ድርሻ ነው። የሃምቡርግ አርቲስቶች የመጀመሪያውን ያስከበሩት ከተማው በእነርሱ ስም እንደሚጠቀም ያውቅ ስለነበር ነው። የአዲስ አበባም የባህል ልብስ ስም በአብዛኛው የተገነባው በእንጦጦ ግርጌ በየቤቱ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ላይ ነው።